ታቦቱ ያድራል፤ እንግዳው ለምን አያድርም?

(በባቱ (ዝዋይ) ከተማ ከጥምቀት በዓል አስቀድሞ ለነጋዴዎች፣ ለጀልባና ለባጃጅ ባለንብረቶች እንዲሁም ለወጣቶች የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላይ እንደተነገረው ቀርቧል።)

የተከበራችሁ የሀገር ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የከተማችን ነጋዴዎች፣ ጀልባ ነጂዎች፣ የባጃጅ ባለንብረቶች፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን አመሻችሁ! አካም ጅርቱ!

ሱቃችሁን ዘግታችሁ፣ የቀኑ ድካም ሳይወጣላችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ ባዶ ወንበር አለ። የምናገረው ነገር ከሁሉም በላይ የሚመለከተው እናንተን ነው።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ያደግሁት ሐይቁ ዳር፣ እናቴ ዓሣ እየጠበሰች በምትሸጥበት ቤት ነው። ዛሬ ትንሽ ፔንሲዮን አስተዳድራለሁ። የእናቴን ምጣድም የራሴን አልጋ ቤትም አውቃለሁና ዛሬ የምናገረው ከእነዚህ ከሁለቱ ያየሁትን ነው።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ባለፈው ጥምቀት ወደ ከተማችን የጎረፈው ያ ሁሉ ሕዝብ የት አደረ? ያን ቀን ሐይቁ ዳር መቆሚያ አልነበረም። መኪና ማቆሚያ ጠፍቶ በየጓሮው ይቆም ነበር። ይህ ሁሉ ሰው የት አደረ? ጥር 11 ማታ አልጋው በሙሉ የተያዘለት ሰው እጁን ያንሣ። ጥቂት እጆች አያለሁ። አያችሁ! ከተማዋ በቀን ሞልታ ማታ ባዶ ነበረች። የዛሬው ንግግሬ መነሻ ይህ ነው።

ሦስት ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው ማደር ነው። ሁለተኛው ዋጋ ነው። ሦስተኛው ሐይቁና ጀልባው ነው። አንደኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁና ታገሡኝ።

የጥምቀትን ሥርዓት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የማታከብሩትም ቢሆን ጎረቤት ሆናችሁ ታዩታላችሁ። እስቲ ዛሬ በባለሱቅ ዓይን እንየው። ጥር 10 ከተራ ነው። ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ከየመንበራቸው ይነሣሉ፤ ሕዝቡ በእልልታና በሆታ አጅቦ ወደ ሐይቃችን ወደ ደንበል ያወርዳቸዋል። ታቦት በጀልባ ሲጓዝ፣ ጥላው ከውሃው በላይ ሲያብረቀርቅ፣ ዝማሬው በሐይቁ ላይ ሲሰማ ማየት እኮ በሀገራችን በጥቂት ቦታ ብቻ የሚገኝ ጸጋ ነው። ሌሊቱን ካህናቱ በማኅሌትና በጸሎት ያነጋሉ። ጥር 11 ንጋት ላይ ውሃው ይባረካል፣ ሕዝቡ ይረጫል፣ ከዚያም አብዛኞቹ ታቦታት ወደ መንበራቸው ይመለሳሉ። ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው፤ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚመለሰው በዚያን ዕለት ነው። እንግዲህ ቁጠሩት! ሦስት ቀን፣ ሁለት ሌሊት።

ታቦቱ ውሃ ዳር ያድራል። ካህኑ ያድራል። ዲያቆኑ ያድራል። የሰንበት ተማሪው ያድራል። እንግዳው ግን ጥር 11 ጠዋት ይመጣል፣ ቀትር ላይ ዓሣውን ይበላል፣ ስምንት ሰዓት ላይ መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል። በዓሉ ራሱ አድሮ እየተከበረ፣ ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦት፣ እኛ ግን ከሦስቱ ቀን የምናገኘው ግማሽ ቀን ነው። ከተራን የሚያየው የከተማችን ሰው ብቻ ነው። የቃና ዘገሊላን ሽኝት የሚያየው የከተማችን ሰው ብቻ ነው። የአዲስ አበባው እንግዳ ከተራ እዚህ ምን እንደሚመስል ማን ነገረው? ማንም አልነገረውም!

አንዳንዶቻችሁ «መንገዱ ነው» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፤ መንገዱም አለበት። ከአዲስ አበባ እስከዚህ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ጉዞው የሁለት ሰዓት ያህል ሆኗል። ይህን መንገድ ስንጠብቀው ኖረናል፤ ሲመጣም ተደስተናል። ነገር ግን እንግዳን ፈጥኖ የሚያመጣ መንገድ ፈጥኖም ይወስደዋል። ቀድሞ ወደ ሻሸመኔና ወደ ሀዋሳ የሚያልፈው ሁሉ መሀል ከተማችንን አቋርጦ ይሄድ ነበር። ሲርበው ይቆማል፤ ዓሣ ያያል፣ ይገዛል። አሁን ሆን ብሎ ካልገባ አያየንም። ስለዚህ እንግዳው ሆን ብሎ እንዲገባ፣ ከገባም በኋላ እንዲቆይ የሚያደርግ ምክንያት መስጠት የእኛ ሥራ ሆኗል። መንገዱ ወደ ኋላ አይመለስም፤ እኛ ነን አሠራራችንን መለወጥ ያለብን።

አንድ እንግዳ ሲያድር ከተማው ውስጥ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ፤ በፔንሲዮኔ በየጊዜው የማየው ነው። ሰውየው አልጋ ይይዛል። ማታ ራት ይበላል፤ ራቱ ዓሣ ከሆነ ዓሣ አጥማጁ፣ ሰላጣው ቲማቲምና ሽንኩርት ከሆነ ገበሬው አገኘ ማለት ነው። ከተማ ሲዞር ባጃጅ ይይዛል። ጠዋት ሲነሣ ቡና ይፈልጋል፤ መንገድ ዳር ቡና የምታፈላዋ ልጅ አገኘች። አንሶላውን የምታጥበው ሴት ሥራ አገኘች፤ ሳሙናውን የሸጠው ሱቅ አገኘ። ጠዋት ላይ ደግሞ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ስለሚያገኘው «ጀልባ አለ?» ይላል። ግማሽ ቀን ቆይቶ የሚሄደው ግን ዓሣ በልቶ፣ አንድ ላስቲክ ዓሣ ለቤቱ ይዞ ይሄዳል። ዓሣ ቤቱ አገኘ፤ ሌላው ሁሉ ቆሞ አየ። አንድ ሌሊት የምታመጣው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

ደግሞ እኮ የምናሳየው አጥተን አይደለም! ይህች ከተማ ምን የላትም? በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ቱሉ ጉዶ ነው፤ የደብረ ጽዮን ገዳም ያለበት፣ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት የተጠበቁበት፣ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም መጥታ ተጠልላበት ነበር ተብሎ የሚተረክለት ደሴት። የዛይ ሕዝብ ቋንቋውንና ባህሉን ጠብቆ በእነዚህ ደሴቶችና በሐይቁ ዳርቻ ይኖራል፤ ከመካከላችሁም ዛሬ እዚህ የተገኛችሁ አላችሁ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ጉማሬ አለን። ወፍ ለማየት ባሕር አቋርጦ የሚመጣ ሰው አለ፤ እኛ አባ ኮዳን በየቀኑ ስለምናየው ቁም ነገር አንለውም። ወይን ይለማል፣ ይጠመቃል። ጽጌረዳ ይለማል፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ አውሮፓ ይደርሳል። የመቂና የባቱ ገበሬ በመስኖ የሚያመርተው አትክልት አዲስ አበባን ይመግባል። ይህ ሁሉ ባለበት ከተማ ነው እንግዳችን «ከምሳ በኋላ ምን ይታያል?» ብሎ ጠይቆ መልስ አጥቶ የሚሄደው!

እዚህ ላይ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። በአንድ የጥምቀት ጠዋት ከሐይቁ ስመለስ አንዲት እናት ልጆቿን ይዛ ወዲያና ወዲህ ስትል አየሁ። «ምን ጠፋብሽ እህቴ?» አልኳት። ትንሿ ልጅ ሽንት ቤት ፈልጋለች። አንዱ ቤት «ለደንበኛ ብቻ» ብሏታል፤ ሌላው ቤት ተቆልፏል፤ ሌላው ቤት ደግሞ የሚገባበት አይደለም። ወደ ቤቴ ወሰድኋቸው። ልጆቹ ተጣጥበው፣ ቡና ተፈልቶ ስንጨዋወት እናትየዋ እስከ ማታ ሊቆዩ አስበው እንደነበር ነገረችኝ፤ ባልየው ግን ልጆቹ ሲያለቅሱ ተናዶ መኪናውን ወደ መውጫው አዙሮ እየጠበቀ ነበር። ሄዱ። የምትናገረው ግን ስለ ሐይቁ ውበት ነበር፤ «እንዲህ ያለ ቦታ መኖሩን አላውቅም ነበር» አለች። አስቡት! ሐይቁን ወደደችው፣ በዓሉን ወደደችው፣ ዓሣውን ወደደችው፤ የሸኛት የሽንት ቤት ማጣት ነው። ሪዞርት እንሥራ፣ ትልቅ ሆቴል እንሥራ እንላለን፤ መልካም ነው፤ ኃይሌ ገብረሥላሴም እዚህ ሪዞርት ከፍቶ ለሌላው መንገድ አሳይቷል። እኔ የምለምናችሁ ግን ለበዓል ቀን ንጹሕ የሆነ፣ ውሃ ያለው፣ ቁልፍ የሌለበት መጸዳጃ ቤት ነው። በየቤታችሁ ያለውን ክፈቱት። አንዲት የምታጸዳ ሴት ቅጠሩ፤ ክፍያዋን ሐይቁ ዳር ያለን ቤቶች እንከፋፈለው። እናት ልጆቿን ይዛ የምትቆይበት ከተማ ላይ አባትየው ብቻውን አይሄድም።

ስለ ማደር ስናነሣ ጎረቤታችንን ሀዋሳን እዩ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እዚያ በየዓመቱ የግማሽ ማራቶን ውድድር ያካሂዳል። ውድድሩ እሑድ በጠዋት ነው። እሑድ በጠዋት ሐይቁ ዳር ለመሮጥ ቅዳሜ ማታ ሀዋሳ መተኛት ግድ ነው። ሰዓቱ ራሱ ለከተማዋ ይሠራላታል ማለት ነው። እኛም በዓሎቻችንን እንዲህ እንይ። «ከተራን ኑና እዩ» ብንል እኮ ጥር 10 ከሰዓት የመጣ ሰው ጥር 11 ንጋትን ሳያይ አይሄድም። አልጋ ይይዛል። አዲስ ነገር መፍጠር እንኳ አያስፈልገንም፤ አባቶቻችን ሌሊቱን በሥርዓቱ ውስጥ አስቀምጠውልናል።

ጥምቀት ብቻም አይደለም። ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ናት፤ ወደ ቱሉ ጉዶ የሚሻገር ምእመን አለ። ወደ ደሴቱ በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ በማለዳ ለመነሣት የግድ ከዋዜማው እዚህ ማደር ነው። ኢሬቻ አለ። መስቀል አለ። ኢድ አለ። በጥምቀት ቀን ለምእመኑ ውሃ ሲያድሉ የዋሉ ሙስሊም ወጣቶችን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በኢድ ቀን ደግሞ አደባባዩን አብረው ሲጠርጉ የነበሩ የሰንበት ተማሪዎችን አውቃለሁ። ይህ የከተማችን ትልቁ ሀብት ነው፤ እንግዳ ይህን ቢያይ ስለ እኛ የሚናገረው ሌላ ይሆናል። የከተማችን በዓላት በሙሉ ከነዋዜማቸው በአንድ ገጽ ተጽፈው በየፔንሲዮኑ፣ በየምግብ ቤቱ፣ በየባጃጁ ቢለጠፉ ምን ይከብደናል? እንግዳው ሒሳቡን ሲከፍል ቀና ብሎ ያነባል። «ለካ በኅዳር ደግሞ ይህ አለ» ይላል።

ራቅ ካለ ቦታ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ሞሮኮ ውስጥ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር፣ አሲላ የምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ አለች። ግድግዳዋ የፈራረሰ፣ ጎዳናዋ የቆሸሸ ነበር። በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሁለት የከተማዋ ልጆች፣ ሞሐመድ ቤናይሳና ሠዓሊው ሞሐመድ መለሂ፣ ሠዓሊዎችን ጠርተው በአሮጌው ከተማ ግድግዳ ላይ እንዲሥሉ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ የጥበብ በዓሉ የከተማዋ መለያ ሆነ። በ1989 የከተማዋ እድሳት የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አገኘ። ቤናይሳ በኋላ የሀገሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከመሆን ደርሷል። እኔን የገረመኝ ግን ሽልማቱ አይደለም። እነዚያ ሰዎች የጀመሩት ከቀለምና ከግድግዳ ነው። ግድግዳ ደግሞ እኛም አለን! ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለውን አጥር እስቲ ነገ ስታልፉ እዩት። እዚህ ከኋላ የተቀመጣችሁ የሥዕል ተሰጥኦ ያላችሁ ልጆች አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። የሐይቃችንን ዓሣ ቆሮሶውን፣ ጉማሬውን፣ የቱሉ ጉዶን ተራራ በዚያ አጥር ላይ ብትሥሉት የአጥሩ ባለቤት ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም። ቀለሙን እኛ ነጋዴዎች እንገዛለን። እኔ የመጀመሪያዋን ቆርቆሮ ቀለም እገዛለሁ፤ እዚህ በሁላችሁ ፊት ቃል ገብቻለሁ።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልለፍ። ዋጋ።

ወገኖቼ፣ ይህን በግልጽ እንነጋገርበት። በበዓል ቀን ዋጋ እጥፍ የሚሆነው ለምንድን ነው? ዓሣው ተወዶ ነው? አንዳንዴ አዎ፤ ፈላጊው ሲበዛ ዓሣው ከጀልባ በሚወርድበት ቦታ ዋጋው ይጨምራል፤ ይህን አልክድም። የአልጋው አንሶላ ግን ለበዓል ተወደደ? የባጃጁ ነዳጅ ለጥር 11 ብቻ ጨመረ? ከመናኸሪያ እስከ ሐይቁ ያለው መንገድ በበዓል ቀን ይረዝማል? አይረዝምም! እንግዳው ይህን ያውቃል። ዝም ብሎ ይከፍላል፤ ተመልሶ ግን አይመጣም። ባይመጣ ብቻ ጥሩ ነበር፤ ለሚያውቀው ሁሉ ይናገራል።

እናቴ በበዓል ቀን ዋጋ ጨምራ አታውቅም። ትርፍ ጠልታ አልነበረም፤ ልጆች የምታሳድግ ሴት ነበረች፤ እያንዳንዷን ሳንቲም ትፈልጋት ነበር። ጎረቤቶቿ ይቆጧት ነበር፤ «ገበያ አበላሸሽብን» ይሏት ነበር። እሷ ግን ዓሣውን ሰው ፊት ትመዝናለች፣ ዋጋውን ሳይበላ በፊት ትናገራለች። አሁን በዓይኔ ይመጣብኛል፤ ቆሮሶውን ከጅራቱ ይዛ ቅርፊቱን በቢላዋ ጀርባ ከጅራት ወደ ራስ ትገፋዋለች፤ ቅርፊቱ ክንዷ ላይ ተለጥፎ ያብለጨልጫል። ከዚያ ሆዱን ከፍታ ታጸዳለች፣ በሎሚና በጨው ታሸዋለች፣ ጎንና ጎኑን በስለት ትተለትለዋለች፤ ዘይቱ በደንብ ሳይግል አትጨምረውም። ገዢው ቆሞ ያያል። ምን እንደሚበላ ያውቃል፤ ስንት እንደሚከፍል ያውቃል። አንድ የጥምቀት ቀን ምሳ የበላ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ደቡብ በተመላለሰ ቁጥር እሷ ጋ ይቆም ነበር፤ ረዳቱን አመጣ፣ የሥራ ባልደረቦቹን አመጣ፣ ሚስቱን አመጣ። በዐቢይ ጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ፤ ያ የእያንዳንዱ ሰውና የንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው፤ ብቻ በዚያ ወቅት ከአዲስ አበባ ዓሣ ፈላጊው ሲበዛ ሌሎች ደንበኛ ፍለጋ መንገድ ላይ ይቆሙ ነበር፣ እናቴ ግን ወንበር አልቆባት ሰው ታስጠብቅ ነበር። የበዓል ቀን የዘራችውን ዓመቱን ሙሉ ታጭዳለች።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ቀላል ነው። ዋጋችሁን ጻፉ። በትልቅ ፊደል፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ በር ላይ ለጥፉት። ሙሉ ጥብስ ስንት ነው፣ ለብለብ ስንት ነው፣ ጉላሽ ስንት ነው፣ አልጋ ስንት ነው። የባጃጅ ማኅበራት፣ ከመናኸሪያ ወደ ሐይቁ ስንት እንደሆነ አንድ ታሪፍ አውጡ፤ በዓልም ሆነ አዘቦት አትለውጡት። መጨመር ግድ ከሆነባችሁ እንኳ ምን ያህል እንደጨመራችሁ አስቀድሞ ይጻፍ። እንግዳን የሚያስቆጣው ውድነቱ ብቻ አይደለም፤ በልቶ ከጨረሰ በኋላ የሚሰማው ዋጋ ነው።

ሦስተኛው ሐይቁና ጀልባው ነው። አጠር አደርገዋለሁ፤ ነገር ግን አጠር ማድረጌ ቀላል ነው ማለት አይደለም።

ጀልባ ነጂ ወንድሞቼ፣ ደንበል ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደሚሆን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉም ይነሣል። አማካይ ጥልቀቱ ከሦስት ሜትር በታች ስለሆነ አንዳንዱ «ጥልቅ አይደለም» ብሎ ይዘናጋል፤ ዋና ለማያውቅ ሰው ግን ከቁመቱ በላይ የሆነ ውሃ ሁሉ ጥልቅ ነው። በበዓል ቀን ሰው ተሻምቶ ይገባል፤ «አንድ ሰው ብቻ፣ ሁለት ሰው ብቻ» ይላል። እምቢ በሉ! አንድ ጀልባ ነጂ አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም፣ እዚህ ተቀምጧል፤ ነፋሱ ሲነሣ አይቶ የከፈሉትን ሰዎች ገንዘብ እዚያው መልሶ «ነገ በጠዋት ኑ፣ ያኔ እወስዳችኋለሁ» ብሎ ጀልባውን አሰረ። ሰዎቹ ተቆጡ። ነገር ግን አደሩ፤ ከእነሱም ሁለቱ እኔ ጋ ነው ያደሩት። በነጋታው ቱሉ ጉዶን አይተው ሲመለሱ የሚያወሩት ስለዚያ ሰው ነበር። የነፍስ አድን ጃኬት ሳይለበስ ከዳር የሚነሣ ጀልባ አይኑር፤ የሚጭነው ሰው ቁጥርም ጀልባው ጎን ላይ ይጻፍ።

ዓሣ የምታጸዱ ልጆች ደግሞ አጥንቱንና የሆድ ዕቃውን ወደ ውሃው ዳር አትጣሉት። አባ ኮዳ ሁሉን አይጨርሰውም፤ የቀረው ይሸታል። ዓሣው የሚጸዳበትን አግዳሚ በየሰዓቱ በውሃ እጠቡት። ፌስታሉን፣ ፕላስቲክ ጠርሙሱን በዚያው ቀን እንልቀመው፤ እንግዳው ሳይሄድ እያየን እንልቀመው።

ሐይቁ ራሱ ደግሞ እየተጎዳ ነው። ከመቂና ከቀታር ወንዞች የሚገባው ውሃ እየተጠለፈ፣ እንቦጭ አረም እየገባ፣ ገና ያልደረሰው ዓሣ በጠባብ መረብ እየተጠመደ ነው። በዚህችው ከተማ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፤ ባለሙያዎቹን ጠርተን መቼ መጠመድ እንዳለበት፣ የመረቡ ቀዳዳ ምን ያህል መስፋት እንዳለበት እንጠይቃቸው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ገና በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ሕግ ጠፍቶ አይደለም። ምግብ ቤቶች፣ ትንሽ ዓሣ አትግዙ። የማይገዛ ዓሣ አይጠመድም። ከእናንተ ምጣድ የሚጀምር ጥበቃ ከማንኛውም ተቆጣጣሪ ይበልጣል። ሐይቁ ከሌለ በዓሉ የት ይከበራል? ታቦቱ ወዴት ይወርዳል? አልጋዬን ማን ይከራየዋል?

እንግዲህ ወደ ሥራው። ወረቀቶች በሩ ጋ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው ወረቀት ለከተራ ማታ አልጋ ያላችሁ ሰዎች ስንት አልጋ እንዳላችሁና ዋጋውን የምትጽፉበት ነው፤ ከዚያ ተነሥተን አዲስ አበባ ለሚጠይቀን ሁሉ አንድ ስልክ እንሰጣለን፤ ስልኩን ማን እንደሚያነሣ ዛሬ እንመርጣለን። ሁለተኛው መጸዳጃ ቤታቸውን ለሚከፍቱ ቤቶች ነው። ሦስተኛው ወረቀት ለወጣቶች ነው፤ አጥሩን ለመሣል የምትፈልጉ ስማችሁን አስፍሩ። የባጃጅ ማኅበራት ተወካዮች፣ እባካችሁ አትሂዱ፤ ታሪፉን ዛሬ ማታ ተነጋግራችሁበት ነገ ይለጠፍ። ጀልባ ነጂዎች ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት ወደቡ ላይ እንገናኛለን፤ ጃኬት ያለውንና የሌለውን እንቆጥራለን፤ ለጎደለው ገንዘብ የምናዋጣው ሁላችንም ነን። አካፋና ጓንት ያላችሁ በዚያው ቀን ይዛችሁ ኑ፤ ዳርቻውን አብረን እናጸዳለን።

አባቶች፣ ከናንተ ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። የከተራን ሰዓት፣ ታቦታቱ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ተነሥተው በየት እንደሚያልፉ አስቀድማችሁ ብትነግሩን፣ በወረቀቱ ላይ እንጽፈዋለን።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው፣ የማይስማማም ካለ፣ መድረኩ ክፍት ነው፤ ከዚያ ጥግ የተነሡት እናቴ፣ እርስዎ ይጀምሩ።